የእኛ ሰፈር ልጆች በእንግሊዝኛ የልጆች ልብ ወለድ

ስለ ጦርነት፣ ስደትና የጎዳና ኑሮ ለልጆች የሚጻፉ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ታሪካቸው ወደ እኛ አገር ይመጣል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

የኤልሳቤጥ ሌርድ «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» የታተመው በ2003 ነው። ደራሲዋ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ አስተምራለች፤ ከተማዋን ታውቃታለች። ማሞ እናቱ የሞተችበት ድሃ ልጅ ነው። አጎትህ ነኝ ያለ ሰው አታሎ ከብት እንዲጠብቅ ለገበሬ ይሸጠዋል። ዳኒ ደግሞ የሀብታም ልጅ ነው፤ አባቱን ፈርቶ ከቤት ይጠፋል። ሁለቱ መቃብር ስፍራ ይገናኙና ሚሊዮን የሚባል ልጅ ከሚመራቸው የጎዳና ልጆች ጋር ይቀላቀላሉ። እዚያ የተገኘ ነገር ሁሉ የጋራ ነው። ዳኒ ግን ምን ያምጣ? የድሎት ልጅ ነው፤ የጎዳናውን ሥራ አያውቅበትም። ስለዚህ ተረት እየፈጠረ ይጽፋል፤ ጽሑፉም መንገድ ላይ ይሸጣል። መጽሐፉን የምወድለት ለዚህ ነው፤ ልጆቹን ከንፈር እንዲመጠጥላቸው አያቀርባቸውም። መላ ያላቸው ልጆች ናቸው።

የሊንዳ ሱ ፓርክ «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዋተር» (2010) በእውነተኛ ሰው ታሪክ ላይ ቆሟል። ሳልቫ ዱት በ1985 ገና በ11 ዓመቱ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በእግሩ ጋምቤላ፣ ኢታንግ መጠለያ ይደርሳል። በ1991 ከዚያም ተባርሮ አዞ የሞላውን የጊሎን ወንዝ ይሻገራል፣ ኋላም በኬንያ በኩል አሜሪካ ይገባል።

ከሁሉም የሚከብደው የቤንጃሚን ዘፋናያ «ረፊውጂ ቦይ» (2001) ነው። አለም ኬሎ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናት። ጊዜው የሁለቱ አገሮች ጦርነት ነው። መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ወታደሮች በር ሰብረው ገብተው ውጡ ይሏቸዋል። ቀጥሎ ኤርትራ ውስጥ ያው ይደገማል። ቃሉ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የሚለዋወጠው የአገሩ ስም ነው። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ደራሲው አይነግረንም፤ ሁለቱን ትዕይንቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያልፋል። ከዚያ አባትየው አለምን ለሽርሽር ብሎ እንግሊዝ ይወስደውና ደብዳቤ ትቶለት ሆቴል ውስጥ ጥሎት ይመለሳል። እንዲተርፍለት ብሎ ነው። ቀሪው የጥገኝነት ማመልከቻ፣ የፍርድ ቤት ምልልስና የአሳዳጊ ቤተሰብ ኑሮ ነው። ዘፋናያ ለልጆች ነው ብሎ መጨረሻውን አላጣፈጠውም፤ ወላጆቹ ሁለቱም ይሞታሉ።

ይህን ታሪክ በ2013 ለመድረክ ያዘጋጀው ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው ገጣሚ ለምን ሲሳይ ነው። እሱም ልጅነቱን ያሳለፈው እንግሊዝ ውስጥ፣ በአሳዳጊ ቤተሰብና በልጆች ማሳደጊያ ተቋማት ነው።