«በሲሚንቶ ለስኑት» እና ሌሎች ግድግዳ የሚያስጨርሱ ምክሮች

ጀጎል፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ያለው የእናቴ ቤት ዘንድሮም ክረምቱ ሲወጣ ከነደባው (ከመቀመጫው መደብ) በላይ ልስኑ አበጠ። በጣት ሲነኩት ረገፈ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶች ወረዱ፤ የገባ ጎረቤት ሁሉ መካሪ ሆነ።

«ሲሚንቶ ለስኑት፣ ትገላገላላችሁ።»

ከሁሉ የከፋው ይኼ ነው። የድሮው የሐረር ቤት ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ላዩ ኖራ። ኖራ ያስተነፍሳል፤ የገባው እርጥበት በዚያው ተንኖ ይወጣል። ሲሚንቶ ግን ይዘጋዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ውስጥ ያለውን ጭቃ ያላላል፣ ወይም ሲሚንቶው ካለቀበት በላይ ብቅ ይላል። ከዚህ በፊት አንድ ግንበኛ አምነን አስለስነን ነበር። ሁለት ክረምት እንዳለፈ ልስኑ ጣባ ጣባ እያከለ ተገነጠለ፤ ከኋላው ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ በእጅ ይታፈስ ነበር። ሲሚንቶን ጠልቼ አይደለም፤ ድሬዳዋ ላለ የብሎኬት ቤት ቦታው ነው። ጀጎል ደግሞ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧልና የድሮ ቤት ከመነካቱ በፊት የቅርስ ባለሙያ መጠየቅ ይሻላል።

«ነጩ ዱቄት ሻጋታ ነው፤ በረኪና ያጠፋዋል።»

ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁራል፣ ይሸታልም። ደረቁ ነጭ ዱቄት ውሃ ጠብ ሲልበት ከሟሟ ጨው ነው። ውሃው አሟሙቶ ያመጣዋል፤ ሲተን ጨው ይቀርና እየጠጠረ ልስኑን ገፍቶ ይጥላል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ጨውን ወደ ግድግዳው መመለስ ነው። በደረቅ ብሩሽ አራግፉና ጥራጊውን ከቤት አውጡት።

«ቀለም ይሸፍነዋል።»

እስከሚቀጥለው ክረምት።

«እርጥበቱ ከመሬት ነው የሚመጣው።»

ከመሬት የሚሳበው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር ገደማ አያልፍም። የእኛ ግን ከኮርኒሱ ሥር ነበር የጀመረው። ቀላል መፈተኛ አለ፤ የፌስታል ቁራጭ ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ አሽጉና አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ከፌስታሉ ጀርባ ካላበው ውሃው ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው፤ ፊት ለፊቱ ከረጠበ ግን የቤቱ አየር ታፍኗል፣ መስኮት ክፈቱ።

«ስንጥቅ ካለ ቤቱ ሊወድቅ ነው።»

እንደ ፀጉር የቀጠነው አብዛኛውን ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ የተሰነጠቀ ነው። የሚያሳስበው ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ሰያፍ የሚወርደው፣ ጣት የሚያስገባው፣ በተለይ ደግሞ የሚሰፋው ነው። ስንጥቁን አሻግራችሁ ጥቂት ጀሶ ለጥፉበት፣ ቀኑንም በእርሳስ ጻፉ። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነውና ለሳኝ ሳይሆን መሐንዲስ ጥሩ።

«ኖራ ነገ ይደርቃል።»

ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ቀስ እያለ ነው። በስሱ ይለሰናል፣ ቶሎ እንዳይደርቅ ውሃ ይረጫል፣ ከዚያ ሌላው ይደረባል። የቸኮለ ለሳኝ ይኼን አይወድም።

የእኛ ጥፋት በመጨረሻ የተገኘው ጣሪያው ላይ ነው፤ የውሃ መውረጃው ተደፍኖ ነበር። ተከፈተ። ግድግዳው ግን ገና አልተለሰነም፣ እስኪደርቅ እየጠበቅን ነው። ስፌቶቹም ነደባው ላይ እንደተከመሩ ናቸው፤ እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታማርራለች።