«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»

ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር በደቦ ጥሪ፣ በእድር ስብሰባና በመዋጮ ጊዜ ዘወትር ስለሚነገር፣ ብዙዎች ከ«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ጎን አስቀምጠው ስለ ኅብረት ኃይል የተነገረ አድርገው ይተረጉሙታል። ትርጓሜው ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ድሩ አንበሳውን የሚያስረው ደካማ ክሮች ስለተደመሩ ሲሆን፣ በሎሚው ምሳሌ ግን የሚደመር ነገር የለም፤ ሎሚው መጀመሪያም ሃምሳ ነበረ፣ መጨረሻም ሃምሳ ነው። የተለወጠው የተካፋዩ ሰው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ምሳሌው ከመደመር ይልቅ ስለ ማካፈል የተነገረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሎሚ የተመረጠውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሃምሳ ድንጋይ ለሃምሳ ሰው ቢታደል ሸክሙ ይቀላል እንጂ ጌጥ አይሆንም። ሎሚ ግን በእጅ ተይዞ የሚሸተት፣ በጥምቀት ዕለት ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ የሚወረውረው ፍሬ ነው። በከረጢት ታጭቆ ጀርባ የሚያጎብጠው ያው ፍሬ አንድ ለአንድ ሲዳረስ ማዕረጉ ይለወጣል። «ሸክሙ» እና «ጌጡ» የተባሉት ሁለት ቃላት በአንድ ምጣኔ ተቀምጠው የሚገናኙት በዚህ ለውጥ ላይ ነው።

ከቁጥር አንጻር ሲታይ ምሳሌው የጠቀሰው የሃምሳን ሁለት ጫፎች ብቻ ነው፦ 1 እና 50። እንዲህ ያሉት ሁለት ጫፎች ማንኛውም ቁጥር የማያጣቸው አካፋዮች ናቸው፤ ከአንድ የሚበልጥ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ለአንድም ለራሱም ያለ ቀሪ ይካፈላል። ከእነዚህ ሌላ አካፋይ የሌለው እንደ 47 ያለው ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ አርባ ሰባት ሎሚ ሳይቆረጥ እኩል የሚዳረሰው ወይ ለአንድ ሰው ወይ ለአርባ ሰባት ሰው ነው፤ መካከለኛ መንገድ የለውም። ሃምሳ ግን በጫፎቹ መካከል 2፣ 5፣ 10 እና 25 አሉት። ቁጥሩ ሲበተን 2 × 5 × 5 ስለሚሆን የአካፋዮቹ ብዛት ስድስት ነው፤ እነርሱም ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቆማሉ፤ አምስት ሰው አሥር አሥር ከያዘ፣ አሥር ሰው አምስት አምስት ይይዛል። በትምህርት ቤት የማካፈል ውጤት «ድርሻ» መባሉ፣ ቃሉ በርስትና በዕቁብ ከሚነገርበት ትርጉም እምብዛም እንደማይርቅ ልብ ይሏል።

ይኸው የሃምሳ ክፍፍል በቤታችን ግድግዳ ውስጥ ሳይቋረጥ ይሠራል። በኢትዮጵያ የምንጠቀምበት የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ከሶኬት ኃይል የሚወስዱ ብዙ ዲጂታል ሰዓቶች ጊዜን የሚለኩት ይህንን ምልልስ በመቁጠር ሲሆን፣ ሃምሳው ምት አንድ ሰከንድ እንዲሆን በሃምሳ የሚያካፍል ሰርኪዩት ያስፈልጋቸዋል። የሥራው መሠረት ፍሊፕ ፍሎፕ ነው፤ ሁለት ሁኔታ ብቻ ያለው፣ ምት በመጣበት ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገለበጥ ሰርኪዩት ነው። ወደ መነሻው የሚመለሰው በየሁለት ምት ስለሆነ የገባውን ድግግሞሽ በግማሽ ያወጣል። በአምስት ለማካፈል ሦስት ፍሊፕ ፍሎፖች ይያያዛሉ፤ ሦስቱ በድምሩ ስምንት ሁኔታ ቢኖራቸውም አምስቱን ብቻ ተጠቅመው ወደ ዜሮ እንዲመለሱ ይደረጋል። 7490 የተባለው የታወቀ ቆጣሪ ቺፕ በሆዱ የያዘው ይህንኑ ነው፦ አንድ ለብቻው በሁለት የሚያካፍል፣ ሌሎች ሦስት ተባብረው በአምስት የሚያካፍሉ። በሁለት እንዲህ ባሉ ቺፖች ሃምሳው ወደ ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስቱ ወደ አምስት፣ አምስቱ ወደ አንድ ይወርዳል።

እርግጥ ሃምሳን በአንድ ጊዜ የሚቆጥር ቆጣሪ በስድስት ፍሊፕ ፍሎፕ ሊሠራ ይችላል፤ ሥራውን ለሦስት ደረጃዎች ማከፋፈል ግን ሰባት ይጠይቃል። ማካፈል ሁልጊዜ ቁጠባ አይደለም። ምሳሌውም በሰርኪዩቱ ላይ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ሃምሳው ሰው እኩል አንድ አንድ ሎሚ ሲይዝ፣ በሰርኪዩቱ የመጀመሪያው ደረጃ በሰከንድ ሃምሳ ምት ሲቀበል የመጨረሻው የሚቀበለው አምስት ብቻ ነው። እኩልነት ባለበት መንገድ መሄድ የሚሻ ወደ እጅ ሰዓት ይመልከት፤ በውስጡ ያለው የሚርገበገብ ክሪስታል፣ ኳርትዙ፣ በሰከንድ የሚሰጠው 32,768 ምት ከ2 በቀር ሌላ ብቸኛ ቁጥር ስለማያካፍለው፣ አሥራ አምስት ፍሊፕ ፍሎፖች እያንዳንዳቸው በግማሽ እየቀነሱ ወደ አንድ ያደርሱታል፤ ሆኖም እዚያም ቢሆን የሥራው ብዛት ከፊተኛው ወደ ኋለኛው እየቀለለ ይሄዳል።

አካፋዩ ሲሳሳት የሚሆነውን ያየሁት አጎቴ ከአሜሪካ ባመጡት የራስጌ ሰዓት ነው። ቮልቴጁን ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝተውለት ነበር፤ ትራንስፎርመር ግን ቮልቴጅ ይቀይራል እንጂ ምልልሱን አይነካም። በአሜሪካ ምልልሱ በሰከንድ 60 ስለሆነ ሰዓቱ የሚያካፍለው በስድሳ ነው፤ እኛ ቤት የሚያገኘው ደግሞ ሃምሳ ብቻ ስለሆነ አንዷን ሰከንድ 1.2 ሰከንድ ያደርጋታል። ሃምሳ ሎሚ ለስድሳ ሰው ማለት ነው፤ አሥሩ እጃቸውን እንደዘረጉ የሚቀጥለውን ከረጢት ይጠብቃሉ። በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ፣ በቀን አራት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። አጎቴ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አስተካክለው ለንጋቱ 12 ሰዓት የሞሉት ደወል የጮኸው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነበር። «ይኼ ደግሞ እዚያ ሆኖ ነው የሚያስበው» ብለው ሳቁ። አንዳንድ የሰዓት ቺፖች 50 ወይም 60 እንዲመረጥ የተተወች አንዲት እግር አላቸው፤ የጥገና ባለሙያው ሰዓቱን ሲከፍተው እግሯን አገኛትና በአንዲት አጭር ሽቦ ወደ ሃምሳው አዞራት።