«ቁርጡን ንገረኝ»፦ ስለ ፕሮጀክት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥራ ሊጀመር ሲል ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነው። «መቼ ያልቃል? ስንት ይፈጃል? ቁርጡን ንገረኝ!» ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ መልሱ ግን ብዙ የተዛባ ነገር እንሰማለን።

«ጎበዝ ባለሙያ ቁርጥ ያለ ቀን ይናገራል»

ቁፋሮ ሳይጀመር አንድ ቀን ብቻ የሚነግርህ ሰው የማያውቀውን ነገር እየደበቀህ ነው። ታማኙ ባለሙያ «ከ8 እስከ 11 ወር» ይልሃል። ልዩነቱ ከምን እንደመጣም ያስረዳሃል። አንድ ቤት ሲሠራ ስከታተል፣ መሠረቱ ሁለት ሜትር ይበቃዋል ተብሎ ነበር። ሁለት ሜትር ስንደርስ ጥቁሩ ዋልካ አላለቀም። ዋልካ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቤት አያስቀምጥም። ፎርማኑ አፈሩን በእጁ ጨበጥ አድርጎ አየና «ገና ነው» አለ። ሦስት ሜትር ተኩል ወረድን። ቀድመን ሁለት የሙከራ ጉድጓድ ቆፍረን ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ገና ዕቅድ ስናወጣ እናውቀው ነበር።

«ቶሎ መጀመር ጊዜ ይቆጥባል»

የአውስትራሊያዋ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት መንግሥት ሲድኒ ኦፔራ ሃውስ የተባለውን የትርኢት አዳራሽ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ1959 በጥድፊያ አስጀመረ። ጣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ገና አልታወቀም ነበር። ዓምዶቹ ቆሙ። በኋላ የጣሪያውን ክብደት እንደማይችሉ ታወቀና እንደገና ተሠሩ። በ1963 ይከፈታል የተባለው ሕንፃ የተከፈተው በ1973 ነው። 7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተገምቶለት 102 ሚሊዮን በላ።

«መጠባበቂያ በጀት ለብክነት ነው»

የሚባክነው ባለቤት ሲያጣ ነው። ለየትኛው ሥጋት እንደተያዘና በማን ፊርማ እንደሚወጣ ይጻፍ። የፌሮ ዋጋ በአንድ ሳምንት ሲዘል ሥራ የሚያቆመው መጠባበቂያ ያልያዘው ነው።

«የሥጋት መዝገብ አንዴ ከተሞላ በቃ»

አይበቃም። ሥራውን ሊያሰናክሉ የሚችሉ ነገሮች የሚጻፉበት ይህ መዝገብ በየሳምንቱ ይከፈት።

«መጥፎ ዜና የሚያመጣ ሰው ሞራል ይገድላል»

ከሁሉም ይሄኛው ያሳስበኛል። አለቃ ፊት «አላውቅም» ማለት ይከብደናል። «ችግር የለም፣ ይደርሳል» እያልን እንሰነብታለን። አንዱ ልጅ ማክሰኞ ዕለት «ብሎኬቱ ዓርብ ላይደርስ ይችላል» ካለህ አመስግነው። ሌላ አቅራቢ ጋ ለመደወል ሦስት ቀን ሰጥቶሃል። ዓርብ ጠዋት ከሰማኸው ግን ግንበኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል፤ የቀን ሒሳባቸው ደግሞ ይቆጠራል።