ነባር የቲማቲምና የባሚያ ዝርያዎች በጓሮ

ከአንድ የበሰለ ቲማቲም ዘር ወስዶ የዘራ ሰው በሚቀጥለው ወቅት ያንኑ ፍሬ በቅርጹ፣ በቀለሙና በጣዕሙ መልሶ ካገኘ፣ የያዘው ዘሩ የጸና ዝርያ ነው። ነባር የሚባሉት የቲማቲምና የባሚያ ዝርያዎች እንዲህ ያሉ ናቸው፤ አብቃዮች ዘራቸውን እየለቀሙና እየተቀባበሉ ለትውልዶች ያቆዩአቸው። ስንት ዓመት የሞላው ነባር እንደሚባል ስምምነት የለም። አንዳንዶች 50 ዓመት ይበቃል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ድቅል ዘር ገበያውን ከመያዙ በፊት፣ ማለትም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በፊት የነበረ መሆን አለበት ይላሉ። ለጓሮ አብቃይ ከዕድሜው በላይ የሚጠቅመው የዘሩ ጽናት ነው። ድቅል ዘር ከሁለት የተለያዩ ወላጆች ስለሚገኝ በመጀመሪያው ትውልድ ብርቱና ወጥ ሆኖ ይበቅላል፤ ከፍሬው ዘር ተወስዶ ቢዘራ ግን ልጆቹ አንዱ ወደ አያቱ፣ ሌላው ወደ ቅድመ አያቱ እየሳበ ይበታተናሉ።

ሁለቱ ተክሎች ዝምድና የላቸውም። ቲማቲም የድንች፣ የቃሪያና የደብርጃን ቤተሰብ ነው። የዱር ዘመዶቹ የሚገኙት በምዕራብ ደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች አካባቢ ሲሆን፣ ስሙ የመጣው በሜክሲኮ ከሚነገረው የናዋትል ቋንቋ «ቶማትል» ከሚለው ቃል ነው። አውሮፓ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ባሚያ ደግሞ የጥጥ፣ የከርከዴና የካካዎ ዘመድ ነው፤ አበባውን ያየ ሰው ዝምድናውን ሳይነገረው ያውቃል። የመጀመሪያ መገኛው ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ነው ወይስ ደቡብ እስያ የሚለው ክርክር እስካሁን አልተቋጨም። እኛ የምንጠራበት ስም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ እንግሊዝኛው «ኦክራ» ደግሞ ከናይጄሪያው የኢግቦ ቋንቋ የተወረሰ ነው።

ነባር ቲማቲም ጣዕሙ ይበልጣል ሲባል ብዙ ጊዜ እንደ ናፍቆት ወሬ ይታያል። ግን ከበስተጀርባው ሥነ ሕይወታዊ ምክንያት አለ። ብዙ ነባር ዝርያዎች ሳይበስሉ ሲታዩ በእንጨታቸው ዙሪያ፣ በትከሻቸው ላይ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ አላቸው። ያ ትከሻ መጨረሻ ላይ ስለሚቀላ ፍሬው ወጥ ቀለም አይኖረውም፤ ነጋዴም አይወደውም። ስለዚህ አዳቃዮች ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ፍሬው እኩል እንዲቀላ የሚያደርገውን የዘረ መል ለውጥ እየመረጡ አስፋፉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ለውጥ በፍሬው ውስጥ አረንጓዴ ሐመልሚል (ክሎሮፊል) እንዲበዛ የሚያዝዘውን ዘረ መል የሚያሰናክል ነው። ፍሬው ራሱ በፀሐይ የሚያዘጋጀው ስኳር ቀነሰ ማለት ነው። መልክ ተገዝቶ ጣዕም ተሸጠ ብንል ማጋነን አይሆንም። ይህ ማለት ግን አሮጌ ሁሉ ጣፋጭ ነው ማለት አይደለም፤ ስሙ ብቻ የሚያምር፣ ሲቀመስ ውሃ ውሃ የሚል ነባር ቲማቲምም ሞልቷል።

ከታወቁት መካከል ብራንዲዋይን ሐምራዊ ቀይ፣ ትልቅና ዝግተኛ ነው፤ ቅጠሉም ጥርስ የሌለው፣ የድንች ቅጠል የሚመስል። ቼሮኪ ፐርፕል ወይን ጠጅና ቡናማ የተቀላቀለበት ቀለም አለው። ሞርጌጅ ሊፍተር የሚባለው ስሙ «የቤት ዕዳ አንሺ» እንደ ማለት ነው። የሚነገረው ታሪክ በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ የራዲያተር ጠጋኝ የነበረ ባይልስ የተባለ ሰው ለዓመታት እያዳቀለና እየመረጠ ካጸናው በኋላ ችግኙን በአንድ ዶላር እየሸጠ የቤቱን ዕዳ ከፈለ የሚል ነው። ዛሬ ነባር የምንለው ሁሉ አንድ ቀን አዲስ እንደነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በባሚያ በኩል በሰፊው የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣውና እሾህ አልባ የተባለው ክሌምሰን ስፓይንለስ ነው። ከሱ ሌላ ፍሬው እንደ ቀንድ የሚቆለመመው ካው ሆርንና ግንዱም ፍሬውም የሚቀላ ዝርያዎች አሉ።

የቲማቲም ዘር የመጨረሻው ውርጭ ከማለፉ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀድሞ በችግኝ ማፍያ ይዘራል፤ አፈሩ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ቶሎ ይበቅላል። ችግኙ ሲዛወር የታችኛው ቅጠል ተነቅሎ ግንዱ በጥልቀት ይቀበራል፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። ብዙዎቹ ነባር ዝርያዎች ማደግ የማያቆሙ ሐረግ መሰሎች ስለሆኑ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ጠንካራ ባላና ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይፈልጋሉ። ፍሬ የያዘ ሐረግ ከባድ ነው፤ ቀጭን እንጨት ያቆመ ሰው ከዝናብ ማግስት ጠዋት ሁሉም ተጋድሞ ያገኘዋል። ውሃውን መጠኑ ሳይዋዥቅ ከሥር ማጠጣት ያስፈልጋል። አፈሩ ሲደርቅና ሲጥለቀለቅ ከከረመ ካልሲየም ወደ ፍሬው ሳይደርስ ይቀርና የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ ይሰረጉዳል፤ ቆዳውም ይሰነጠቃል። ወፍራም ጉዝጓዝ ሁለቱንም ያቃልላል። በዚህ ጊዜ ማዳበሪያ መጨመር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ችግሩ በአብዛኛው ከውሃው እንጂ ከአፈሩ አይደለም።

ባሚያ ጠባዩ ሌላ ነው። ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር ስላለው መዛወር አይወድም፤ በቀጥታ መደቡ ላይ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ይዘራል። ልባሱ ጠንካራ ስለሆነ ዘሩን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ማሳደር ይረዳል። አፈሩ ቢያንስ 18 ዲግሪ ካልደረሰ ግን ከመብቀል ይልቅ ይበሰብሳል። ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍና ሌሊቱም ሳይበርድ ሲያድር፣ ትልልቆቹ ቲማቲሞች የአበባ ብናኛቸው እየደከመ አበባቸውን ያረግፋሉ፤ ባሚያ ግን ያኔ ገና ይፈነጥዛል። ሁለቱን አብሮ ማብቀል የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው። ባሚያው ሰው ቁመት ስለሚያልፍ ቲማቲሙን በማያጠላበት ጎን መቆም አለበት።

ባሚያ በእርግጥ የሚፈትነው በለቀማ ነው። አበባው በጠዋት ይከፈታል፤ ፈዛዛ ቢጫ፣ ልቡ ጥቁር ቀይ፣ በማግስቱ የለም። ከዚያ በአራትና አምስት ቀን ውስጥ ፍሬው ይደርሳል። ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ጫፉን በጣት ጎንበስ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ለጋ ነው፤ ከታጠፈና ክር ካወጣ እንጨት ሆኗል። ቅዳሜ ትንሽ ነው ብለው የተዉት ማክሰኞ አይቆረጥም። በየሁለት ቀኑ የማይለቅም ሰው ባሚያ ባይተክል ይሻለዋል፤ ያረጀ ፍሬ ተክሉ ላይ ከቆየ አዲስ አበባ ማውጣቱ ይቀንሳል። እሾህ አልባ የተባለውም ቢሆን ጥቃቅን ጸጉሩ ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንትና እጅጌ ያስፈልጋል።

የነባር ዝርያ ዋና ድክመት በሽታ ነው። ለመጠውለግ በሽታዎችና ለኔማቶድ (ሥር ለሚያጠቃ ጥቃቅን የአፈር ትል) ተብሎ የገባበት መከላከያ የለውም፤ እርጥብና ቀዝቃዛ አየር ሲመጣም ምች የሚባለው የተክል በሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐረጉን ያቃጥለዋል። የታችኛውን ቅጠል ማንሳት፣ አየር ማሳለፍና ቦታ ማፈራረቅ ይረዳሉ። የሥር ኔማቶድ ግን ሁለቱንም ስለሚያጠቃ ቲማቲምን በባሚያ ማፈራረቅ መፍትሔ አይሆንም። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ነፍሳት በሁለቱም ላይ ይወጣል፤ በውሃ ግፊት ይታጠባል።

ዘር መያዝ ላይ ሁለቱ ይለያያሉ። የቲማቲም አበባ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያራባል፤ ብናኙን የያዙት ክፍሎች ሴቴውን አካል እንደ ቀፎ ከበውታል። በአንዳንድ ነባር ዝርያዎች፣ በተለይ ባለ ድንች ቅጠሎቹ፣ ሴቴው አካል ከቀፎው ሾልኮ ይወጣልና ንብ ልታዳቅለው ትችላለች፤ ስለዚህ እነዚህን ከሌሎች ማራቅ ብልህነት ነው። ዘሩ ዙሪያውን ባለው ዝልግልግ ሽፋን ተይዟል፤ ሽፋኑ በፍሬው ውስጥ ሳለ እንዳይበቅል የሚከለክል ነገር አለው። ዘሩንና ጭማቂውን ብርጭቆ ውስጥ ሦስት ቀን ያህል ሲያቆዩት ከላይ ነጭ ሻጋታ ይሸፍነዋል፤ ሽታው ደስ አይልም፤ መልካሙ ዘር ግን ተላቅቆ ታች ይቀመጣል። ታጥቦ ሳህን ላይ ይደርቃል እንጂ ወረቀት ላይ አይሰጣም፤ ይጣበቃል። ባሚያ አበባው ሰፊና ክፍት ስለሆነ ነፍሳት በቀላሉ ያዳቅሉታል፤ ንጹሕ ዘር የሚፈልግ ሰው እንቡጡን በዋዜማው ማታ በስስ ጨርቅ ከረጢት ያስረዋል። ፍሬው ተክሉ ላይ ደርቆ ቡናማ እስኪሆንና ስፌቱ እስኪከፈት ይተዋል። ሌላውን ለቀማ እንዳያስተጓጉል አንድ ሁለት ተክል ለዘር ብቻ መመደብ ይሻላል። በደረቅ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ የተቀመጠ የቲማቲም ዘር አራት አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ የባሚያው ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ብቅለቱ ይደክማል። ከረጢቱ ላይ ስምና ዓመት ይጻፋል፤ ዘር በመልኩ ማንነቱን አይናገርም።