አዳምስ ሞርጋን፦ የ18ኛው ጎዳና ቀንና ሌሊት

አዳምስ ሞርጋን በዋሽንግተን ዲሲ ሰሜን ምዕራብ የሚገኝ ሰፈር ነው። ዓርብ ማታ "የት እንውጣ?" ሲባል ስሙ ቶሎ ይነሳል። እምብርቱ 18ኛው ጎዳናና ኮሎምቢያ ሮድ የሚገናኙበት መስቀለኛ ነው። ካፌው፣ ያገለገሉ መጻሕፍት መሸጫው፣ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫው፣ የሳልቫዶር ምግብ ቤቱ፣ ሁሉም ከዚያ በእግር ይደረስባቸዋል።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሁለት ትምህርት ቤቶች ነው። አዳምስ የነጮች፣ ሞርጋን የጥቁሮች ነበር። በ1954 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪን በዘር መለየትን ሲከለክል፣ በሁለቱም ወገን ያሉ ነዋሪዎች ሰፈራቸውን አብረው ለማሻሻል ተነሱ። ስሞቹንም አጣመሯቸው። የዚህ ሰፈር ቅይጥነት እንዲሁ በዕድል የመጣ አይደለም ማለት ነው። ሰዎች ፈልገው የደከሙበት ነው። የመጠጥ ቤት መንደር ብቻ አድርጎ ማየት ይህን ልፋት መርሳት ነው።

ከዚያ የላቲን አሜሪካ ስደተኞች መጡ፤ ከነሱም ኤል ሳልቫዶራውያን ብዙ ነበሩ። እኛም መጣን። በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ የወጣው ሐበሻ በ1980ዎቹ 18ኛው ጎዳና ላይ ተራ በተራ ምግብ ቤት ከፈተ። መስከረም፣ ቀይ ባሕር፣ ፋሲካ የሚባሉት ስማቸው የገነነው ያኔ ነው። መስከረም ውስጥ እንግዳው ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ሆኖ መሶብ ይከብ ነበር። ሹካ አልነበረም። ብዙ የዋሽንግተን ሰው እንጀራ ቆርሶ በእጁ መጠቅለልን የለመደው በዚህ ጎዳና ነው። በኋላ ኪራዩ ናረ። ዛሬ የሐበሻ ንግድ ጎልቶ የሚታየው ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና አካባቢ፣ ከዲሲ ወጣ ሲሉ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ነው። ያም ሆኖ ለከተማዋ የሐበሻ ምግብ መንገድ ከጠረጉት ሰፈሮች አንዱ አዳምስ ሞርጋን ነው፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ቀን ቀን ሰፈሩ ዝግ ያለ ነው። ሱቆቹ ትናንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ ድሮ መኖሪያ በነበሩ ተደጋግፈው በቆሙ ቤቶች ውስጥ ይሠራሉ። ከሕንጻዎቹ ግን ላይን ሆቴል ይለያል። በ1912 የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በ2017 ሆቴል ሆነ። የድሮው ኦርጋን ቧንቧዎች አልተጣሉም፤ ትልቅ መብራት ተሠርቶባቸው አዳራሹ ውስጥ ተሰቅለዋል።

ሲመሽ ነገሩ ይለወጣል። ማዳምስ ኦርጋን የተባለው መጠጥ ቤት ግድግዳው ላይ በተሳለችው ባለ ቀይ ፀጉር ሴት ከሩቅ ይለያል፤ ውስጡ ብሉዝ በባንድ ይጫወታል። ባሮች በአዘቦት ቀን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ እስከ 9 ሰዓት መጠጥ መሸጥ ይችላሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ጃምቦ ስላይስ ይሮጣል። ይህ አንዱ ቁራጭ ሁለት የወረቀት ሳህን ላይ የሚዘረጋ ፒዛ ነው። ጫጫታው ነዋሪውን ስላማረረ በ2000 አዲስ የመጠጥ ፈቃድ ላይ ገደብ ተጥሎ ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሰው ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ቤተሰብ የሚኖርበት ሰፈር ነውና።

በመስከረም የአዳምስ ሞርጋን ቀን ይከበራል፤ ከ1978 ጀምሮ የነበረ የጎዳና በዓል ነው። ሙዚቃው ከምግቡ ጋር ጎዳናውን ይሞላዋል።

ሰፈሩ ውስጥ የሜትሮ ጣቢያ የለም። ቅርቡ ውድሊ ፓርክ ነው። ከዚያ ወጥቶ የዱክ ኤሊንግተንን ድልድይ በእግር መሻገር ነው። ማታ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ፈተና ስለሆነ በባቡር መሄዱ ይሻላል።