የመስፈርት ሞጁሎች ቅርንጫፍና የስሪት ታሪክ

የመስፈርት አስተዳደር ሶፍትዌር አንድ ሥርዓት የግድ ሊያሟላቸው የሚገቡትን ነገሮች በተናጠል መዝግቦ፣ ለእያንዳንዱ መለያ ቁጥር ሰጥቶ፣ ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚያቆይ መሣሪያ ነው። ተዛማጅ መስፈርቶች አብረው የሚቀመጡበት ሰነድ ሞጁል ይባላል። ጉዳዩ ለጎንደር ሩቅ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ተጀምሮ ዛሬ ሕክምናንም ኢንፎርማቲክስንም ያስተምራል። የጤና ሶፍትዌር የሚሠሩትና የሚጠቀሙበት በአንድ ከተማ በሚገናኙበት ስፍራ ደግሞ መስፈርት በየጊዜው ይለወጣል።

በዘርፉ ስመ ጥር የሆነው ዶርስ የተባለ ሶፍትዌር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ተሠርቶ ወደ ቴሌሎጂክ ኩባንያ ተላለፈ፤ ቴሌሎጂክን ደግሞ አይቢኤም በ2008 እ.ኤ.አ. ገዛው። በነባሩ ዶርስ ውስጥ አንድ መስፈርት ቢሰረዝ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። ሞጁሉ የደረሰበት ደረጃ ሲጸድቅ ቤዝላይን፣ ማለትም በዚያች ቅጽበት ያለውን ይዘት የሚያቆይ መዝገብ፣ ይወሰድለታል፤ ቤዝላይን ይነበባል እንጂ አይታረምም። ጎድሎ የነበረው ቅርንጫፍ፣ ማለትም ከመነሻው ሰነድ ጋር ያለው ግንኙነት ሳይቋረጥ ለብቻው የሚለወጥ መስመር ነው፤ ለሁለት ደንበኞች ሁለት ዓይነት ሰነድ ሲያስፈልግ ብዙዎች ሞጁሉን ቀድተው ሌላ ስም ያወጡለት ነበር። ተከታዩ ዶርስ ኔክስት ስትሪም የሚባሉ ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮችን አመጣ። በሲመንስ ፖላሪዮን ደግሞ ቅርንጫፉ ሲከፈት መስፈርቶቹ የዋናው ሰነድ ማጣቀሻ ሆነው ይቆያሉ፤ በቅርንጫፉ ውስጥ የራሱን ጽሑፍ የሚይዘው ሆን ተብሎ የተለወጠው ብቻ ነው።

ቅጂና ቅርንጫፍ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። የተቀዳ ሰነድ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የትኛው መስፈርት ከየትኛው ጋር እንደሚዛመድ በዓይን መፈለግ ይመጣል። ቅርንጫፍ ግን የመነሻውን ቤዝላይን ይይዛል፣ የመስፈርቱም መለያ በሁለቱም በኩል አንድ ነው። የአንድምታ ትርጓሜ በጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ሲለይ ሁለቱም የሚፈቱት ያንኑ ንባብ ነበር፤ ተማሪውም የሰማው ትርጓሜ የየትኛው ቤት እንደሆነ ያውቃል። ከጥሩ ሶፍትዌር የሚጠበቀውም ይኸው ነው።

የታካሚ ምዝገባ ሥርዓትን ለምሳሌ እንውሰድ። በዋናው ሞጁል ቁጥር 41 «ሥርዓቱ የትውልድ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቀበል» ይላል። የሆስፒታሉ ቅርንጫፍ «ቀኑ የማይታወቅ ከሆነ ግምታዊ ዕድሜ ይቀበል» ብሎ ይጨምርበታል። የጤና ጣቢያው ቅርንጫፍ በበኩሉ «በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6ን ይቀበል» ይላል፤ ይህ ካልተጻፈ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በትክክለኛ ቀኑ ላይመዘገብ ይችላል። ቅርንጫፎቹ ሲዋሐዱ ሶፍትዌሩ ሦስት ጽሑፎችን ያነጻጽራል፦ የጋራ መነሻውንና ሁለቱን አዳዲሶች። አንዱ ወገን ብቻ የለወጠውን በራሱ ይቀበላል። እዚህ ግን ሁለቱም 41ን ስለነኩ ግጭት ብሎ ያቆመዋል፤ ሁለቱ ሐሳቦች ተደጋጋፊ እንጂ ተቃራኒ እንዳልሆኑ የሚያውቀው ምዝገባ ክፍሉን የሚያውቅ ሰው ነው። ውሳኔው ከነምክንያቱ በታሪኩ ውስጥ መጻፍ አለበት። «ተስተካክሏል» የሚል ባዶ ማስታወሻ ለሚቀጥለው ባለሙያ ምንም አይነግረውም።

መስፈርቶች ከንድፍና ከፍተሻ ጋር በማያያዣ ይተሳሰራሉ። 41 ሲለወጥ ከእሱ ጋር የተያያዘው የፍተሻ ሰነድ «አጠራጣሪ» የሚል ምልክት ይወጣለታል፤ ሰው አይቶ እስኪያጸድቀውም ምልክቱ አይነሳም። የሕክምና መሣሪያ ሶፍትዌርን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኢሲ 62304 ለውጦች በቁጥጥር ሥር እንዲሆኑ የሚጠይቀው ያለ ነገር አይደለም።

የንግድ ፈቃድ መግዛት ለማይችል ቡድን ዱርስቶፕና ስትሪክትዶክ በነፃ ይገኛሉ። ዱርስቶፕ እያንዳንዱን መስፈርት በተለየ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል፤ ቅርንጫፉንና ታሪኩን የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግበው ጊት የተባለ ሶፍትዌር ይይዛል። ኢንተርኔት ሲቋረጥም በግል ኮምፒውተር ላይ ሥራው አይቆምም። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላይም።

በአማርኛ ሲጻፍ ግን አንድ ችግር አለ። ማነጻጸሪያው የሚያየው ፊደሉን እንጂ ድምፁን አይደለም፤ አንዱ «ሥርዓት» ሌላው «ስርአት» ብሎ ቢጽፍ ለውጥ ብሎ ይመዘግበዋል። ዱርስቶፕ የመስፈርቱን ጽሑፍ አሻራ (ከጽሑፉ የሚሰላ መለያ ኮድ) ስለሚያስቀምጥ አንድ «ሠ» ወደ «ሰ» ብትቀየር እንኳ ማያያዣዎቹ አጠራጣሪ ይሆናሉ፤ እውነተኛው ለውጥም በፊደል ልዩነት መሐል ይሸፈናል። ስለዚህ የቃላቱ አጻጻፍ ዝርዝር ከመጀመሪያው ቤዝላይን በፊት ተዘጋጅቶ በሞጁሉ መግቢያ ላይ ይቀመጣል፤ የፊደል እርማት ሲያስፈልግም ከይዘት ለውጥ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ይመዘገባል።