አጥንት ደረቅ እንጨት አይደለም፦ ስለ አጥንትና መገጣጠሚያ ተደጋግመው የሚነገሩ ስህተቶች

አጥንትን የምናውቀው ከሞተ በኋላ ነው። ነጭ፣ ደረቅ፣ ሲሰብሩት ቀጭ የሚል። ክፍል ጥግ የሚቆመው የፕላስቲክ አጽምም ያንኑ ነው የሚያሳየን። በሕይወት ያለ ሰው አጥንት ግን እርጥብ ነው፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፣ ሲቆረጥም ይደማል። ይቺን ካልያዝን የሚከተሉትን ስህተቶች ማመን አይከብድም።

«አጥንት አንዴ ካደገ በቃ፣ እንዳለ ይኖራል»

የሌሎቹ ሁሉ ሥር ይሄ ነው። አጥንት ውስጥ ሥራ የማይፈቱ ሁለት ዓይነት ሕዋሶች አሉ። አንደኛው አሮጌውን አጥንት እያሟሟ ይበላል፣ ሌላው ደግሞ ከኋላው እየተከተለ ጉድጓዱን በአዲስ አጥንት ይሞላል። በአዋቂ ሰው ላይ በዓመት ወደ 10 በመቶ የሚሆነው አጽም እንዲህ ይታደሳል።

የት እንደሚጨመር፣ ከየት እንደሚቀነስ የሚወስነው ደግሞ በአብዛኛው ጫና ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቴኒስ የሚጫወቱ ሰዎች ራኬት የሚይዙበት ክንድ አጥንቱ ከሌላኛው ይወፍራል። አንድ ሰው፣ አንድ ደም፣ አንድ ምግብ፣ ሁለት የተለያየ ክንድ። ጠፈርተኞች ላይ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ክብደት በሌለበት ሲንሳፈፉ ከዳሌያቸው አጥንት በየወሩ 1 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። አጥንቱ «ካልተፈለግሁ ምን አደርጋለሁ» ያለ ይመስላል።

«ዋናው ካልሲየም ነው፤ ካልሲየም ከወሰድክ ጨረስክ»

ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። የዶሮ እግር አጥንት አጽዱና አቼቶ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ንከሩት። አቼቶውን አንድ ሁለቴ ቀይሩለት። ስታወጡት ቅርጹ ያው ነው፣ ግን እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። አሲዱ ማዕድኑን ወስዶታል፤ የቀረው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ነው። ሌላ አጥንት ደግሞ እሳት ውስጥ ቢቃጠል የሚጠፋው ኮላጅኑ ነው፤ ቅርጹ አለ፣ በጣት ሲጫኑት ግን ይፈረፈራል። ማዕድኑ ሲሚንቶው፣ ኮላጅኑ ፌሮው ነው በሉት። አንዱ ብቻውን ቤት አያቆምም።

ሌላው ነገር፣ የበላነው ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም በደንብ እንዲገባ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። ቫይታሚን ዲ በጣም ያነሰው ልጅ አጥንቱ ሳይጠነክር ይቀርና ሲቆም እግሩ ይጎብጣል። ቆዳችን ቫይታሚኑን የሚሠራው በፀሐይ ነው፣ ነገር ግን በተዘጋ መስኮት ውስጥ ሆኖ መሞቅ እዚህ ላይ አይቆጠርም። መስታወቱ ሙቀቱን ያሳልፋል እንጂ የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋል።

«ሰው ሲወለድም ሲሞትም 206 አጥንት ነው ያለው»

206 የአዋቂ ቁጥር ነው። አራስ ልጅ እስከ 300 የሚደርስ ቁርጥራጭ ይዞ ይወለዳል፤ ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ይጋጠማሉ። አንዳንዱ ደግሞ ገና አጥንት አይደለም፣ ልም አጥንት ነው፤ የጉልበት ሎሚ ለምሳሌ። የአራስ ልጅ እጅ ራጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእጅ አንጓው ቦታ ባዶ ነው። ጣቶቹ ከክንዱ ተለይተው በአየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ልም አጥንት ራጅ ላይ ስለማይታይ ነው። አንጓው ውስጥ ያሉት ትናንሽ አጥንቶች በየዓመቱ አንድ ሁለት እያሉ ብቅ ይላሉ፣ ሐኪሞችም ይህንን አይተው የልጁን የአጥንት ዕድሜ ይገምታሉ።

ቁመት የሚጨመረው ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ ባለ የእድገት ልም አጥንት ነው። እሱ በጉርምስና መጨረሻ ላይ ወደ አጥንት ተለውጦ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ብረት ላይ መንጠልጠልም ሆነ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጥ «የቁመት ክኒን» አያስረዝምም። «ግን ጠዋት ስለካ እረዝማለሁ» የሚል አይጠፋም፤ ልክ ነው፣ 1 ሴንቲሜትር ያህል። ሌሊት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ልስልስ ዲስኮች ውሃ ስለሚመጥጡ ነው፣ እስከ ማታ ተጨምቆ ይወጣል።

«ጣት ማንቋቋት መገጣጠሚያ ያበላሻል»

ድምፁ የአጥንት ፍጭት አይደለም። መገጣጠሚያ ውስጥ ፈሳሽ አለ፣ ጣቱ ሲሳብ ግፊቱ ድንገት ይቀንስና የጋዝ አረፋ ይፈጠራል። ዶናልድ ኡንገር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ልጅ ሳለ እናቱና አክስቶቹ «ይቅርብህ» ሲሉት የግራ እጁን ጣቶች ብቻ በቀን ቢያንስ ሁለቴ እያንቋቋ ከ50 ዓመት በላይ ቆየ። ቀኙን ተወው። እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱን ጻፈ፦ ሁለቱም እጆች ደህና፣ ልዩነት የለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኢግ ኖቤል የሚባለውን፣ መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ የሚያሳስበውን ሽልማት አገኘበት። የአንድ ሰው እጅ ማስረጃ አይሆንም ካላችሁ እስማማለሁ፤ ግን የብዙ ሰው እጅ የታየባቸው ጥናቶችም ከአርትራይተስ (ከመገጣጠሚያ በሽታ) ጋር ግንኙነት አላገኙም። ሕመም ወይም እብጠት ካለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«ካንቀሳቀስከው አልተሰበረም፣ ወለምታ ነው»

ይቺኛዋ ሰው ትጎዳለች። የተሰበረ ጣት ይታጠፋል፣ በተሰበረ እግርም አንዳንድ ሰው ይራመዳል። ቁርጭምጭሚት ከተጎዳ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተ፣ ወይም አጥንቱ ራሱ ላይ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ ራጅ ያስፈልጋል። እስከዚያ አታሹት፣ አትጎትቱት፣ እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ደግፉት። ከጉዳቱ በታች ያለው ክፍል ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ደግሞ ለነገ አይባልም።

«የተሰበረ አጥንት ሲድን ከበፊቱ ይጠነክራል» የሚለው ታዲያ? አይጠነክርም። ለጊዜው ስብራቱ ዙሪያ እብጥ ያለ አዲስ አጥንት ይሠራል፣ ከዚያ ተስተካክሎ ወደ ቀድሞው ይጠጋል። ጄሶ ውስጥ የከረመው አካባቢ እንዲያውም ሥራ ስላልነበረው ይሳሳል።

«መገጣጠሚያ ካመመ ያው ሪህ ነው፤ ብርድ ነው፤ እርጅና ነው»

ከ100 በላይ ዓይነት የመገጣጠሚያ በሽታ አለ። ሐኪም ሪህ ሲል ዩሪክ አሲድ እንደ መርፌ ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች ማለቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሌሊት የእግር አውራ ጣትን ይይዛል፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው ያስጮኻል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ሌላ ነው። የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን ያጠቃል፣ ወጣቶችንም ይይዛል፣ ጠዋት የእጅ ጣቶች ከአንድ ሰዓት በላይ ተገትረው ይቆያሉ። ቶሎ ካልታከመ መገጣጠሚያውን ያጣምማል። ኦስቲዮአርትራይተስ ደግሞ የመገጣጠሚያው ልም አጥንት እየሳሳ የሚያልቅበት፣ ዕድሜ ሲገፋ የሚበዛው ነው፣ የጠዋቱ መገተር አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሕክምናቸው የተለያየ ስለሆነ የጎረቤትን መድኃኒት መዋስ አያዋጣም። ብርድ ደግሞ ሕመሙን ሊያሰማ ይችላል እንጂ በሽታውን አይፈጥርም።

ጉልበት ላመመው «ተቀመጥ» ማለትም ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ እንደ ስፖንጅ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ነው ምግቡን ከፈሳሹ የሚያገኘው። በልኩ መንቀሳቀስ ይመግበዋል።

«የአጥንት መሳሳት የአሮጊቶች ነው፤ ቢኖርብኝ ያመኝ ነበር»

አያምም። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ሴቶች ካረጡ በኋላ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንታቸው በፍጥነት ይሳሳል፣ ግን ወንዶችም አይድኑም፦ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሴቶች ከሦስት አንዷ፣ ከወንዶች ከአምስት አንዱ በቀሪ ዘመናቸው በዚህ ሰበብ ስብራት ይገጥማቸዋል። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ስብራቱ ራሱ ነው። ወይም ቀስ ብሎ የሚያጥር ቁመት፤ ሱሪው መሬት መንካት የጀመረው ሱሪው ስለሰፋ አይደለም፣ የአከርካሪ አጥንቶች ስለተጨፈለቁ ሊሆን ይችላል።

ከ50 ዓመት በኋላ በቁሙ ወድቆ አንጓው የተሰበረ ሰው ጄሶ ታስሮለት ብቻ ከተሸኘ ግማሹ ሥራ ቀርቷል። የአጥንት ጥግግት ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ሳይጠይቅ አይውጣ።